የባንክ ካፒታል ማደግ ለነጋዴው ምን ያመጣል?

ባንክ የሚሠራበት ገንዘብ ከሁለት ወገን የሚመጣ ነው። አንደኛው አስቀማጮች በአደራ ያኖሩት ሲሆን፥ ሁለተኛው ባለአክሲዮኖች አዋጥተው ያቆሙት ዋና ገንዘብ ወይም ካፒታል ነው። ሁለቱም አብረው ለሥራ ይውላሉ፤ ልዩነታቸው የሚታወቀው ኪሣራ የደረሰ ጊዜ ነው፤ ኪሣራውን አስቀድሞ የሚሸከመው ካፒታሉ ነውና።

በምሳሌ ለማስረዳት፥ ባንኩ ካበደረው 100 ብር ውስጥ 8ቱ የባለአክሲዮኖች ናቸው እንበል። 5 ብር ሳይመለስ ቢቀር ጉዳቱ በባለቤቶቹ ላይ ብቻ ያርፋል። 10 ብር ቢጠፋ ግን 2ቱ ብር ከአስቀማጮች አደራ ይጐድላል። ተቈጣጣሪው ብሔራዊ ባንክ ስለ ካፒታል መጠን አጥብቆ የሚጠይቀው ስለዚህ ነው።

አዋሽ ባንክ በ1987 ዓ.ም. ሲቋቋም 486 መሥራቾች ያዋጡት 24.2 ሚሊዮን ብር ነበር። ከዚያ ወዲህ ለባንክ የተወሰነው ዝቅተኛ ካፒታል 75 ሚሊዮን፥ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ 500 ሚሊዮን ብር ደረሰ። በ2013 ዓ.ም. የወጣው መመሪያ 5 ቢሊዮን ብር አደረገው፤ በሥራ ላይ ለነበሩት ባንኮችም እስከ ሰኔ 23 ቀን 2018 ዓ.ም. ጊዜ ሰጣቸው። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የውጭ አገር ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅደው ሕግ ስለ ጸደቀ፥ አቅምን ማጠናከር ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል።

ይህ ጉዳይ የአዲስ አበባ ሰዎች ብቻ አይደለም። ባንክ ካፒታሉን የሚያሳድገው አዲስ አክሲዮን በመሸጥ፥ ትርፉን ሳያከፋፍል በመያዝ፥ ወይም ከሌላ ባንክ ጋር በመዋሐድ ነው። የባንኮች ጠቅላላ ጉባኤ በብዛት የሚደረገው በጥቅምትና በታኅሣሥ መካከል ስለሆነ፥ በመካነ ኢየሱስ ከእህል መሰብሰቢያው ወራት ጋር ይገጥማል። በትርፍ ድርሻው ጤፍና ስንዴ ለመግዛት ያሰበ ባለአክሲዮን፥ ጉባኤው ድርሻው ወደ አክሲዮን ይዙር ብሎ ቢወስን፥ ሀብቱ በወረቀት ሲያድግ እጁ ግን ባዶ ይሆናል፤ እህሉም ለሌላ ገዢ ይሄዳል።

በሌላ በኩል፥ ባንክ ለአንድ ተበዳሪ የሚሰጠው ብድር በካፒታሉ ልክ የተወሰነ በመሆኑ፥ ካፒታል ሲያድግ ላኪውና አስመጪው ከአንድ ባንክ የሚያገኙት ብድር ሊሰፋ ይችላል። ሆኖም ብድሩ ያለ ጥንቃቄ ከተሰጠ ትልቅ ካፒታልም ቢሆን ያልቃል።

ስለዚህ ባለአክሲዮን የሆነ ነጋዴ የጉባኤውን ጥሪ ከነአጀንዳው ማንበብ፥ መቅረት ግድ ቢሆንበት ወኪል መላክ፥ ድርሻውንም በእጁ ሳይገባ ለመኸር ግዢ አለመመደብ ይገባዋል።