ዳሌው ሲጮህ ሚስቱ ክፍሉን ለቃ ትወጣ ነበር!

ነገሩ የሆነው በ1950ዎቹ እንግሊዝ አገር ነው። ሰውየው ዳሌው ተበላሽቶ የጭን አጥንቱ ራስ በፕላስቲክ ኳስ ተተክቶለታል። ግን ጎንበስ ባለ ቁጥር ዳሌው እንደ ዛገ በር ሲጥ ይላል። ሚስት ሆዬ ድምፁ አንገሽግሿት ባሏ ባለበት ክፍል መቀመጥ ተወች። (እውነቷን ነው፣ ማን ይችለዋል?)

ይህን የሰሙት የአጥንት ሐኪሙ ጆን ቻርንሊ ግን ነገሩን እንደ ቀልድ አላዩትም። ሲጥታው የሰውነት ቅባት በፕላስቲኩ ላይ በደንብ እንዳልሠራ ምልክት ነው ብለው ጥናታቸውን ቀጠሉ።

ታዲያ ይሄ ለገለምሶ ልጅ ምኑ ነው? እንበል፣ አንድ የ30 ዓመት ወጣት ጫት ሲጭን ከአይሱዙ ላይ ወድቆ ዳሌው ተሰበረ። ወጌሻ አሸው፣ አልሆነም። በበደሳና በጭሮ አድርጎ አዲስ አበባ ሲደርስ ሐኪሙ «ሰው ሠራሽ ዳሌ ያስፈልግሃል» አለው። የልጁ የመጀመሪያ ጥያቄ ግልጽ ነው፤ «ስንት ዓመት ይቆይልኛል?»

መልሱ ከጥቂት ጠብታ ፈሳሽ ጋር የተያያዘ ነው። ጤናማ ዳሌ ውስጥ የእንቁላል ነጭ የመሰለ የሚያሟልጭ ፈሳሽ አለ። አጥንቱን የሸፈነው ልምአጥንት እንደ ስፖንጅ ፈሳሹን ይጠጣል፣ ሲጫኑት ይተፋል። ብረትና ፕላስቲክ ደግሞ እንዲህ አያደርጉም። ደግነቱ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሰውነት በዳሌው ዙሪያ አዲስ ሽፋን ያበቅልና ፈሳሽ ማመንጨቱን ይቀጥላል። ዳሌው የፋብሪካ፣ ዘይቱ ግን የራስህ ነው ማለት ነው።

ሆኖም ዘይቱ ኳሱንና ኳሱ የሚገባበትን ጽዋ ሙሉ በሙሉ አያለያያቸውም። በፈሳሹ ውስጥ ያሉት ፕሮቲኖች ብረቱ ላይ ተለጥፈው ስስ ሽፋን ይሠራሉ። ስንራመድ ፈሳሹ ወደ መሃል ይሳባል፣ ቆመን ስንቀር ተጨምቆ ይወጣል። ስለዚህ ትንሽ ትንሽ መፋቁ አይቀርም። ዳሌዎቹ በማሽን ሲፈተኑ በውሃ ሳይሆን ከጥጃ ደም በተለየ ፈሳሽ የሚሠሩት ለዚህ ነው፤ ውሃ ፕሮቲን ስለሌለው ውጤቱ ያታልላል።

ቻርንሊም ተታለው ነበር። በራሱ የሚያሟልጭ ነገር ልጠቀም ብለው በ1950ዎቹ መጨረሻ ጽዋውን ከቴፍሎን፣ ምግብ አይያዝ ከሚባለው መጥበሻ ልባስ፣ ሠሩት። ማሟለጡን አሟለጠ፣ ግን በጥቂት ዓመታት ተፍቆ አለቀ፤ ብናኙም ሥጋ አስቆጣ። ሰውየው የቴፍሎን ቁራጭ በገዛ ጭናቸው ውስጥ ቀብረው ጉዳቱን በራሳቸው ላይ አዩ። (አጃኢብ አይደለም?) በ1962 ወደ ፖሊኢትሊን ዞሩ። የጀሪካን ፕላስቲክ ዘመድ ነው፣ ግን እጅግ የጠነከረው ዓይነት።

የቀድሞው ፖሊኢትሊን በዓመት 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ይፋቃል። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የመጣው በጨረር የጠነከረው ደግሞ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። 0.1 ምን አላት እንዳትሉ! ጉዱ ብናኙ ነው። የሚያለሰልሰው ያው ፈሳሽ ብናኙን ተሸክሞ አጥንቱ ዳር ያደርሰዋል። የሰውነት ዘበኛ ሴሎች ይውጡታል፣ መፍጨት ግን አይችሉም። በዚህ የተነሳ በሚፈጠረው ቁጣ አጥንቱ ይበላል፣ ዳሌውም ይላላል። በ2019 ላንሴት ላይ የወጣ ጥናት ከ100 ሰው ሠራሽ ዳሌ 58ቱ ገደማ 25 ዓመት እንደሚቆዩ ገምቷል። ያ የ30 ዓመት ልጅ ታዲያ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ሊጠብቀው ይችላል፤ ሁለተኛው ደግሞ ከመጀመሪያው ይከብዳል።

ፍቀቱ የሚከተለው ዓመቱን ብቻ ሳይሆን እርምጃውንና ሸክሙን ጭምር ነው። ይሁንና መራመድ ይሻላል እንጂ አልጋ ላይ መዋል አይደለም። ኩንታል መሸከሙን ግን ሌላ ይሥራው። በርጫውስ? እዚህ ላይ ጓደኞቹ ቢቀየሙም እንናገራለን፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ምንጣፍ ላይ ዝቅ ብሎ፣ ጉልበት አጥፎ መቀመጥ ኳሱን ከጽዋው ሊያወጣው ይችላል። ከፍ ያለ ወንበር ይምጣለት። ቁጢጥ የሚባልበት ሽንት ቤትም ያው ነው። ኳሱ የጽዋው ጠርዝ ላይ ከተጫነ ፈሳሹ ይሸሻል፣ ፍቀቱም ይብሳል። የሴራሚክ ዳሌ አንዳንዴ ሲጥ የሚለውም እንዲህ ሲሆን ነው።

«ቅቤ ጠጣ፣ መገጣጠሚያህ ይለሰልሳል» ለሚሉት እናቶች አክብሮት አለን። ቅቤው ግን ዳሌ ድረስ አይወርድም። ለተፈጥሮ ጉልበት የሚወጋው «የመገጣጠሚያ ዘይት» መርፌም ለብረት ዳሌ አይደለም። ዳሌውን ለማሸት የሚመጣ ወጌሻ ካለ ቡና ጠጥቶ ይሂድ።

አዲስ ድምፅ፣ ብሽሽት ላይ ሕመም ወይም ትኩሳት ከመጣ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው። አጥንቱ ሳያምም ሊበላ ስለሚችል ደህና ነኝ ያለም ሐኪሙ በሚቀጥረው ጊዜ ራጅ ይነሳ። ፍቀቱ የሚታወቀው አዲሱን ፊልም ከመጀመሪያው ጋር በማስተያየት ነውና፣ ያንን የመጀመሪያውን ፊልም ከዳሌው ዓይነት ወረቀት ጋር ሳይታጠፍ ሣጥን ውስጥ ያኑረው።