ዶሮ እግሯ ሲከዳት

ዶሮአችሁ መቆም አቅቷት በጉልበቷ ተቀምጣ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ቢላዋ ይፈልጋል። ቆዩ፣ አትቸኩሉ። ጫጩት ከሆነች ምንቃሯን በጣታችሁ ጫን አድርጉ።

ምንቃር ጠንካራ መሆን አለበት። እንደ ላስቲክ ከታጠፈ አጥንቷም ለስልሷል ማለት ነው። ደረቷንም ዳብሱ። መሐል ላይ ያለው ረጅም አጥንት ከተጣመመ፣ ጉልበቷም ካበጠ፣ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ የምግብና የፀሐይ እጦት ነው።

አጥንትን ከሚያጠነክሩት ነገሮች ዋናው ካልሲየም ይባላል። የእንቁላል ቅርፊትም የሚሠራው ከእሱ ነው። ዶሮ አንድ እንቁላል ስትጥል 2 ግራም ያህል ካልሲየም ከሰውነቷ ይወጣል። ከመኖዋ ካላገኘች ከገዛ አጥንቷ ትበደራለች። መጀመሪያ ቅርፊቱ ይሳሳል፤ ቀጥሎ እግሯ ይከዳታል። በቆሎና ፉርሽካ ብቻ የምትበላ ዶሮ ሆዷ ቢሞላም አጥንቷ ይራባል።

ካልሲየም ብቻውን አይበቃም። ከሆድ ወደ ደም እንዲገባ ቫይታሚን ዲ ያስፈልጋል። ይህን ደግሞ ሰውነት የሚሠራው ፀሐይ ሲያገኘው ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1920ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ፣ በዊስኮንሲን፣ ቤት ውስጥ ተዘግተው እግራቸው የደከመ ጫጩቶች ፀሐይ ሲያገኙ መዳናቸው በሙከራ ታይቷል። በመስኮት መስታወት በኩል የሚገባው ብርሃን ግን ለዚህ አይጠቅምም።

የካ አባዶን ተመልከቱ። ቀድሞ እርሻ ነበር፤ ዛሬ ኮንዶሚኒየም ነው። በእርሻው ላይ ቀኑን ሙሉ ስትጭር የምትውል ዶሮ ትልም፣ ጠጠርና ፀሐይ ታገኝ ነበር። በረንዳ ላይ በሣጥን የተዘጋች ግን የሰጧትን ብቻ ትበላለች። በገጠርም ቢሆን የፈረንጅ ዶሮ በጨለማ ቤት የሚያረባ ሰው ይኸው ይገጥመዋል። በውጭ አገር እንቁራሪት በመስታወት ሣጥን የሚያሳድጉ ሰዎች አሉ። እነሱም ፌንጣ ብቻ ሲመግቧት እግሯ ይጣመማል፤ ስለዚህ ፌንጣው ላይ የካልሲየም ዱቄት ይነሰንሱበታል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የእንቁላል ቅርፊት ቀቅላችሁ፣ አድርቃችሁ፣ ውቀጡ። ሳትወቅጡ ከሰጣችሁ እንቁላል መብላት ትለምዳለች። ለምትጥል ዶሮ በ100 ኪሎ መኖ ውስጥ 8 ወይም 9 ኪሎ የቅርፊት ወይም የኖራ ድንጋይ ዱቄት ይግባ። ግድግዳ የሚቀባውን የተቃጠለ ኖራ ግን አትስጡ፤ አፏን ያቃጥላል። ለጫጩት ይህ ሁሉ አይሰጥም፤ ኩላሊቷን ይጎዳል። ለእሷ የተዘጋጀ የጫጩት መኖ ይሻላል። በየቀኑ ፀሐይ ላይ አውጡ፤ ጥላና ውኃም ይኑር። ቶሎ ከተደረሰላት ትቆማለች፤ የተጣመመው አጥንት ግን አይቃናም። አጥንቷ የሳሳ ዶሮ ስትያዝ ትሰበራለችና በሁለት እጅ ደግፋችሁ አንሱ።

የእግር ድካም ሁሉ ግን ከአጥንት አይደለም። ጣቶቿ ወደ ውስጥ ከተጠቀለሉ ሌላ ቫይታሚን፣ ቢ2 የሚባለው፣ ጎድሏት ይሆናል፤ አሬራና ጎመን ይረዳል። አንዱ እግር ወደፊት ሌላው ወደኋላ ከተዘረጋ የማሬክ በሽታ ሊሆን ይችላል። ለእሱ መድኃኒት የለም፤ ክትባቱም ጫጩቷ በተፈለፈለች ቀን የሚሰጥ ነው። አንገታቸው እየተጠመዘዘ፣ አረንጓዴ እያስቀመጣቸው ብዙዎች ባንድ ጊዜ ከወደቁ ፈንግል ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። የታመሙትን ለዩ፤ ወደ ገበያም አታውጡ፤ በዚያው ቀን ለእንስሳት ሐኪም ንገሩ።