ኮዱን ስጡኝ ያላችሁ ሰው የፈለገው የበሩን ቁልፍ ነው

ክረምት ላይ ሻምቡ ወይም ደምቢ ዶሎ ቤተሰብ ጋ ሆናችሁ የዩኒቨርሲቲ ግሬዳችሁን በስልክ ለማየት ስትሞክሩ፣ ገጹ ገና ሳይከፈት ዩዘርኔምና ፓስወርድ ይጠይቃችኋል። አንዳንዱ ሲስተም በዚያ ላይ በኤስኤምኤስ ኮድ ይልካል። «ምን ያደርቀናል ይሄ ነገር!» እንላለን። ምክንያቱን በአጭሩ እንየው።

👉 በሩ ላይ ማን ቆሟል?

ነቀምቴ ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ስትገቡ በር ላይ መታወቂያ ታሳያላችሁ። ጥበቃው «ዝም ብለህ እለፍ፣ ሬጅስትራሩ ራሱ ይጠይቅሃል» አይልም። ኢንተርኔት ላይም እንደዚያ ነው። ግሬድ፣ ደመወዝ ወይም የታካሚ መረጃ የያዘው ሰርቨር ውስጥ ይቀመጣል። ከውጭ የሚመጣውን የሚቀበለው ሌላ የበር ሰርቨር ነው፤ «ሪቨርስ ፕሮክሲ» ይባላል።

ሥራው ይህ ነው፦
1. ጥያቄያችሁን ይቀበላል
2. ማን እንደሆናችሁ ያጣራል
3. ትክክል ከሆነ ብቻ ወደ ውስጥ ያስተላልፋል
4. መልሱን ይዞላችሁ ይመለሳል

አንዴ ካለፋችሁ «ኩኪ» የሚባል የይለፍ ምልክት ስልካችሁ ላይ ያስቀምጣል። ገጽ በቀየራችሁ ቁጥር ፓስወርድ የማትጠየቁት ለዚህ ነው።

👉 በሩ ሲዘናጋስ?

በየካቲት 2013 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት ኤክስቼንጅ በተባለው የኢሜይል ሰርቨሩ ላይ «ፕሮክሲሎጎን» የተባለ ክፍተት መኖሩን አሳወቀ። ፊት ያለው ክፍል ማንነቱ ያልተረጋገጠ ሰው የላከውን ጥያቄ ወደ ውስጥ ያሳልፍ ነበር። የውስጡም «ከበሩ ከመጣማ» ብሎ አመነው። በዓለም ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰርቨሮች ተጠቁ። ትምህርቱ፦ በሩ ያጣራ፣ ውስጡም ደግሞ ያጣራ።

👉 ኮዱ ለምን ይፈለጋል?

በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመውን የፋይዳ መታወቂያ እንውሰድ። ባለ 12 አሃዝ ቁጥራችሁን ሌላ ሰው ሊያውቀው ይችላል። በኦንላይን ማንነት ሲጣራ ግን ወደ ተመዘገበው ስልካችሁ የአንድ ጊዜ ኮድ ይላካል። በቴሌግራም «በስህተት አንተ ጋ ኮድ ተልኳል፣ ላክልኝ» የሚላችሁ ሰው በሩ ላይ ቆሞ እናንተን መስሎ ሊገባ ነው። ከላካችሁለት ሰርቨሩ እሱን ከእናንተ አይለየውም።

👉 ኔትወርክ ሲጠፋስ?

ይሄ እኛን በጣም ይመለከተናል። በ2012 ዓ.ም. በወለጋ ብዙ አካባቢዎች ስልክና ኢንተርኔት ለሦስት ወር ገደማ ተቋርጦ ነበር። እንደዚያ ሲሆን ምንም ዘዴ አይሠራም። ዋይፋይ እያለ ኤስኤምኤስ ብቻ እምቢ ሲል ግን መፍትሔ አለ። እንደ ጎግል ኦተንቲኬተር ያሉ አፖች ኮዱን ከስልኩ ሰዓትና ቀድሞ ከተሞላ ሚስጥራዊ ቁልፍ ያወጣሉ፤ ሲም ካርድም ኔትወርክም አይጠይቁም። በኤስኤምኤስ ብቻ የሚሠራ በር ሌባውን ሲከለክል ባለቤቱንም ውጭ ያስቀራል።

✅ ስለዚህ
• ጂሜይልና ቴሌግራም ላይ ሁለተኛ ማረጋገጫ ዛሬውኑ አብሩ
• ጂሜይል የሚሰጣችሁን መጠባበቂያ ኮዶች ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አስቀምጡ
• ኢንተርኔት ቤት ከተጠቀማችሁ «ውጣ» የሚለውን ሳትጫኑ አትነሱ፤ የይለፍ ምልክቱ እዚያው ይቀራል
• የቢሮ ሲስተም የምትሠሩ ልጆች፦ የውስጡን ሰርቨር በቀጥታ ለኢንተርኔት አትክፈቱት

ኮድ ለማንም፣ ለጓደኛም ቢሆን፣ አይሰጥም። ለታናናሾቻችሁ ሼር አድርጉላቸው።