ቀለሙ ለምን ተላጠ? ከሰበታ ሐዲድ እስከ ጠረጴዛ ሞዴል

ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ ምዕራብ በጅማ መንገድ ላይ የምትገኘው ሰበታ፣ በመስከረም ወር 2009 ዓ.ም. የተመረቀው ወደ ጅቡቲ የሚወስደው የኤሌክትሪክ ባቡር መሥመር መነሻ ናት። 750 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝመው በዚህ መሥመር ላይ የሚመላለሰውን ባቡር አሳንሶ በቆርቆሮ፣ በካርቶን ወይም በፎም መሥራት ለትምህርት ቤት የሳይንስ ዐውደ ርእይ የሚመች ሥራ ነው። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለውን ሞዴል የሚሠራ ተማሪ ብዙውን ጊዜ ሁለት ችግሮች ይገጥሙታል። በአንድ በኩል እንዲጸና የፈለገው ቀለም እየተላጠ ይወድቅበታል። በሌላ በኩል ባቡሩ ያገለገለ እንዲመስል ሆን ብሎ የሠራው ልጣጭ፣ ዝገትና አቧራ እውነተኛ አይመስልም። እነዚህ ሁለት ችግሮች የማይገናኙ ይመስላሉ። በዚህ ጽሑፍ ግን ሁለቱም በአብዛኛው ከአንድ መጠን፣ ማለትም ከቀለሙ ውፍረት፣ እንደሚመነጩ እናሳያለን።

ከሞዴሉ ጋር የማያንሰው ነገር

ሞዴላችን በ1፡50 መስፈርት ተሠራ እንበል። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው 1,435 ሚሊ ሜትር ስፋት ለ50 ሲካፈል 28.7 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በሩም፣ መስኮቱም፣ ጎማውም በዚሁ ስሌት ያንሳሉ። ቀለሙስ? በእውነተኛው ባቡር ላይ ያለው የቀለም ሽፋን በጠቅላላ 0.2 ሚሊ ሜትር ያህል ነው ብንል፣ በሞዴሉ ላይ 0.004 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይገባል። በብሩሽ የተቀባ ሦስት እጅ ቀለም ግን ሲደርቅ 0.1 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም የአንድ ቅጠል ወረቀት ያህል ይወፍራል። ይህን መልሰን በ50 ስናባዛው 5 ሚሊ ሜትር ይመጣል። እንግዲህ በሞዴላችን ላይ ቀለሙን ፍቀን ልጣጭ ብንሠራ፣ ባቡሩ ግማሽ ሴንቲ ሜትር በሚወፍር ቅርፊት የተሸፈነ ያህል ሆኖ ይታያል። ልጣጩ ለዓይን የማይጥመው ስለዚህ ነው።

የተወጠረ ቆዳ

ቀለም ሲደርቅ ይኮማተራል። ከሥሩ ያለው ቆርቆሮ ግን አብሮት ስለማይኮማተር፣ ሽፋኑ እንደ ከበሮ ቆዳ ተወጥሮ ይቀራል። በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ የሚጠራቀመው የመለጠጥ ጉልበት ከሽፋኑ ውፍረት ጋር በቀጥታ ያድጋል፤ ውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱም እጥፍ ይሆናል። ቀለሙን ከቆርቆሮው ጋር ያጣበቀው ኃይል ግን የሚወሰነው ሁለቱ በሚገናኙበት ገጽ ነውና ቀለም በተደራረበ ቁጥር አይጨምርም። በመሆኑም ውፍረቱ ከአንድ ወሰን ካለፈ፣ ትንሽ ጭረት እንኳ መነሻ ትሆነውና ልጣጩ በራሱ እየሰፋ ይሄዳል።

የሙቀት መለዋወጥ ይህን ያባብሰዋል። ብዙ ቀለሞች በሙቀት ሲስፋፉ ከብረት አምስት እጥፍ ያህል ይበልጣሉ። በመስኮት አጠገብ የተቀመጠ 40 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ሞዴል ሌሊት 10፣ በቀን ፀሐይ ደግሞ 50 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢደርስ፣ ብረቱ በ0.2 ሚሊ ሜትር ያህል ሲረዝም ቀለሙ ነጻ ቢሆን ኖሮ 1 ሚሊ ሜትር ያህል በረዘመ ነበር። ይህ ልዩነት በየቀኑ እየተመላለሰ ሽፋኑን ያደክመዋል።

ጥብቀት የሚጠፋባቸው ሦስት መንገዶች

ቀለሙ ቀጭን ሆኖ ሳለ ከተላጠ፣ ጥፋቱን በሥሩ ባለው ገጽ ላይ እንፈልግ።

አንደኛው ምክንያት ቅባት ነው። የጣት አሻራ እንኳ ቀለም በገጹ ላይ እንዳይንጣለል ይከለክላል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ በቆርቆሮው ላይ ጥቂት ንጹሕ ውኃ እናፍስስ። ውኃው ሳይቆራረጥ ከተንጣለለ ገጹ ንጹሕ ነው፤ እንደ ዶቃ ከተሰበሰበ ግን እንደገና በሳሙና መታጠብና በብርጭቆ ወረቀት በስሱ መፈተግ አለበት።

ሁለተኛው ምክንያት ዚንክ ነው። የቤት ክዳን ቆርቆሮ በዚንክ የተለበጠ ነው። የዘይት ቀለም በቀጥታ ሲቀባበት፣ በቀለሙ ውስጥ ያሉት የቅባት አሲዶች ከዚንኩ ጋር ተዋሕደው በመካከል ሳሙና መሰል ደካማ ንጣፍ ይፈጥራሉ። ቀለሙ ለወራት ደኅና መስሎ ቆይቶ በአንድ ጊዜ እንደ ቅርፊት የሚነሣው ከዚህ የተነሣ ነው። መፍትሔው በውኃ የሚቀጥን የፕላስቲክ ቀለም ወይም ለዚንክ የተዘጋጀ ፕራይመር አስቀድሞ መቀባት ነው።

ሦስተኛው ፎም ነው። በቲነርና በብዙ የስፕሬይ ቀለሞች ውስጥ ያለው ማሟሚያ ነጩን ፎም ይበላዋል። ፎሙን አስቀድሞ በነጭ ኮላ ወይም በፕላስቲክ ቀለም መሸፈን ያድነዋል።

መንገድ ዳር ያለው ቤተ ሙከራ

እርጅናን በሞዴል ላይ ለማሳየት የሚሻ ሰው አስቀድሞ እውነተኛውን እርጅና ያጥና። በሰበታ፣ በቡራዩ ወይም በሱሉልታ የሚኖር ተማሪ የግቢ በሮችን ልብ ብሎ ቢመለከት በቂ መማሪያ ያገኛል። ሰበታ በ2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። የአልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ ሌላው ሁኔታ እኩል ቢሆን በዚህ ከፍታ ያለ በር ከባሕር ጠረፉ ይልቅ በሩብ ያህል የበዛ ጨረር ያርፍበታል። ጨረሩ የቀለሙን ማጣበቂያ ሲሰባብረው ቀለም ሰጪው ዱቄት ብቻውን ይቀራል፤ በሩን በእጃችን ስንዳብስ እንደ ጠመኔ የሚነካን ይኸው ነው።

ዝገቱም ቦታ ይመርጣል። እርጥብ ቀለም በገጽ ውጥረት ምክንያት ከስለታም ጠርዝ ስለሚሸሽ፣ ሽፋኑ በጠርዝ ላይ ይሳሳል። ውኃና ኦክሲጅን ብረቱን መጀመሪያ የሚያገኙት በዚያ ነው። ዝገት ከተበላው ብረት ከሁለት እጥፍ በላይ ቦታ ስለሚይዝ ቀለሙን ከሥር ገፍቶ ያነሣዋል፤ የክረምት ዝናብም ዝገቱን አጥቦ ወደ ታች ያወርደዋል። ስለዚህ በበሩ መካከል የተበተነ ዝገት እምብዛም አናይም፤ የምናየው በጠርዝ፣ በመጋጠሚያና በእጀታ ዙሪያ ነው።

በሞዴሉ ላይ ልጣጭን መሥራት

ከላይ ባየነው ስሌት የእውነተኛው ልጣጭ ጠርዝ በሞዴል ላይ በዓይን ሊለይ የማይችል ነው። እንግዲያው በሞዴል ላይ ልጣጭ ጉድጓድ ሳይሆን ነጠብጣብ ነው፤ አይፋቅም፣ ይቀባል። ቁራጭ ስፖንጅ ጥቁር ቡናማ ቀለም ውስጥ ነክረን፣ በወረቀት ላይ መጥጠን፣ ሊደርቅ ሲል ጠርዞቹን በስሱ እንነካለን። በባቡሩ ላይ 2 ሴንቲ ሜትር የሆነ ልጣጭ በሞዴሉ ላይ 0.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ነጠብጣብ ካኖርን ግን 25 ሴንቲ ሜትር የተገሸለጠ ባቡር ሠራን ማለት ነው።

አቧራም በመስፈርቱ ይገዛል። ከመንገድ የተዘገነ አሸዋ 0.2 ሚሊ ሜትር ቢደቅ በሞዴሉ ላይ የ1 ሴንቲ ሜትር ጠጠር ነው። ስለዚህ የጠመኔ፣ የከሰልና የሸክላ ጡብ ዱቄት በጥሩ ጨርቅ ነፍቶ መጠቀም ይሻላል።

ከሁሉ በላይ ግን እውነተኛ ልጣጭ ለማግኘት ከአሮጌ በር ላይ ቀለም በደረቁ አይፋቅ። በቀለም ውስጥ የሚኖረውን እርሳስ በሚሊዮን ከ90 ክፍል እንዳይበልጥ የሚወስነው የአገራችን ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው፤ ከዚያ በፊት የተቀቡ በሮች ከዚህ የበዛ እርሳስ ሊኖርባቸው ይችላል። የእርሳስ ብናኝ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። መፋቅ ግድ ከሆነ ገጹን አርጥቦ፣ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ፣ ፍርፋሪውንም ሰብስቦ ከልጆች ማራቅ ይገባል።

ለተማሪዎች የቀረበ ሙከራ

ከአንድ ቆርቆሮ ስምንት እኩል ቁራጮች እንቁረጥ። አራቱን በሚገባ አጥበን፣ አራቱን ደግሞ በጥቂት ዘይት ዳስሰን፣ ከየወገኑ አንዱን 1፣ ሌላውን 2፣ ሦስተኛውን 4፣ አራተኛውን 8 እጅ እንቀባ። በሚገባ ከደረቁ በኋላ በምላጭ ስድስት አግዳሚና ስድስት ቋሚ ጭረቶች አድርገን 25 ትንንሽ ካሬዎች እንሥራ። ማጣበቂያ ፕላስተር ለጥፈን በፍጥነት እናንሣና የተነሡትን ካሬዎች እንቁጠር። ይህ በቀለም ኢንዱስትሪም የሚሠራበት የመፈተኛ ዘዴ ነው። ውፍረትን በአግድም፣ የተነሡትን ካሬዎች በቋሚ አድርጎ ግራፉን የሠራ ተማሪ፣ ቀለሙ ለምን እንደሚላጥ ከእኛ ጽሑፍ ይልቅ ከራሱ ቁጥሮች ይማራል።