በወንድሙ ልብስ የገባው ባዕድ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1956 ፓርዢዜክ እና ዛሆርዥ የተባሉ ሁለት የቼኮስሎቫኪያ ሊቃውንት ካድሚየም ከሚባለው ብረት የተገኘ ጨው በውኃ አሟምተው በትንሽ መጠን ለአይጠ መጎጦች በመርፌ በሰጡ ጊዜ፣ የቀረው የእንስሳቱ አካል ይህን ያህል የጎላ ጉዳት ሳይታይበት የተባዕቶቹ የዘር ፍሬ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ደም ቋጥሮ እንደ ጠቆረ፣ ከቀናትም በኋላ ሕይወት የሌለው ሥጋ ሆኖ እንደ ሟሸሸ ጽፈው አስታወቁ። መርዝ ደም ተሸክሞት ወደ አካል ሁሉ የሚደርስ ሲሆን፣ ይህኛው ስለ ምን የትውልድ መገኛ የሆነውን ክፍል ለይቶ መታ የሚለው ጥያቄ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ብዙ ሊቃውንትን ሲያደክም ኖሯል።

ካድሚየምን ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሪድሪሽ ስትሮማየር በ1817 ያገኘው ብቻውን ተቀምጦ አይደለም፤ ለመድኃኒት የተዘጋጀ አንድ የዚንክ ውሁድ ብረት ሳይኖርበት በእሳት ሲግል ወደ ቢጫነት ማድላቱ ቢያስደንቀው፣ መርምሮ በዚንኩ ውስጥ ተሸሽጎ አገኘው እንጂ። ዛሬም በንጥረ ነገሮች ሠንጠረዥ ላይ ካድሚየም ከዚንክ ሥር ተቀምጧል፤ ጠባያቸውም እንደ ወንድማማች ይቀራረባል። ነገር ግን ዚንክ ለሥጋ ሕይወት፣ ይልቁንም ለዘር ሕዋሳት መፈጠር የግድ ሲያስፈልግ፣ ካድሚየም በእንስሳት ሰውነት ውስጥ የታወቀ አገልግሎት የለውም። ሕዋስም እንደ ይስሐቅ ዐይኑ የፈዘዘ ነውና የቀረበውን ሁሉ የሚለየው በመዳሰስ ነው፤ ያዕቆብ የዔሳውን ልብስ ለብሶ እንደ ገባ፣ ካድሚየምም በዚንክ አምሳል ተዳስሶ ይገባል፤ ያዕቆብ ግን የገባው በረከትን ሊቀበል ነበር።

የዘር ፍሬ የተሠራበት ሥርዓት ረቂቅ ነው። ውስጡ በተጠማዘዙ ቀጫጭን ቱቦዎች የተሞላ ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ቱቦ ግድግዳ ላይ የዘር ሕዋሳት ከመነሻቸው አንሥቶ ጅራት አውጥተው እስኪለቀቁ ድረስ በአይጠ መጎጥ 52፣ በሰው ደግሞ 74 ቀን ያህል ይፈጃሉ፤ በዚህም ጊዜ ሁሉ ኤንሪኮ ሴርቶሊ በ1865 የገለጻቸውና በስሙ የሚጠሩት ሕዋሳት እንደ ሞግዚት አቅፈው ይመግቧቸዋል። እነዚህ ሞግዚቶች ጎን ለጎን ተጣብቀው እንደ መቅደስ መጋረጃ ቱቦውን ለሁለት ይከፍሉታል፤ ደም የሚያመጣው ነገር እስከ ውጭው ክፍል ይደርሳል፣ ወደ ውስጠኛው ግን ያለ እነርሱ ፈቃድ የሚያልፍ እምብዛም የለም። እርስ በርሳቸው የሚያያይዛቸው ማሰሪያ ከፊሉ በካልሲየም የጸና ነው፤ ካድሚየም ደግሞ በመጠኑ ካልሲየምንም ስለሚመስል ቦታውን እየነጠቀ መጋረጃውን ይቀድደዋል።

የካድሚየሙ መጠን በመርፌ የተሰጠውን ያህል ሲደርስ ግን ጥፋቱ የሚጀምረው ከቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ነው። የውስጥ ገበራቸው ተጎድቶ ውኃና ደም ያፈስሳሉ፤ የዘር ፍሬም የማይለጠጥ ጠንካራ ልባስ የከበበው ስለሆነ የፈሰሰው መውጫ አጥቶ ያብጣል፣ የደሙም ዝውውር ይቆማል፣ የዘር ሕዋሳቱም ትንፋሽ አጥተው ይሞታሉ። ከሳምንታት በኋላ በቱቦዎቹ መካከል ያሉት፣ የተባዕትነትን ሆርሞን የሚያመነጩት የላይዲግ ሕዋሳት እንደገና ሊያቆጠቁጡ ይችላሉ፤ ስለዚህ እንስሳው የተባዕትነት ጠባዩ ሲመለስለት ዘሩ ግን ሳይመለስለት ይቀራል፤ ከዚህ ነገር ሁሉ ልቤን አብልጦ የሚያሳዝነው ይህ ነው።

ይኸው ፓርዢዜክ በ1957 ባሳተመው ጽሑፍ እንደ ገለጸው፣ ከካድሚየሙ ጋር እጅግ የበዛ ዚንክ የተሰጣቸው አይጠ መጎጦች ከዚህ ጥፋት ድነዋል። እውነተኛው ወንድም በብዛት ሲመጣ አስመሳዩ በር ላይ ቀረ ማለት ነው።

እርግጥ ነው፣ በአንድ ጊዜ በመርፌ የሚሰጥ መርዝ የሰው የዕለት ኑሮ አይደለም። ካድሚየም ወደ ሰው የሚገባው በትምባሆ ጢስና በምግብ፣ በየጥቂቱ ነው፤ ነገር ግን ኩላሊት ውስጥ ከገባው እኩሌታው እንኳ እስኪወጣ ከ10 እስከ 30 ዓመት ስለሚፈጅ፣ የዕለቱ ጥቂት የዕድሜ ብዙ ይሆናል። ይህን ዐውቆ ትምባሆ ለሚያጨስ ጎልማሳ መናገር የሐኪም ብቻ ሥራ ነው ብዬ አላምንም።

አስመሳዩ ወደ ዘር ፍሬ የሚገባበት በር የትኛው እንደ ሆነ የታወቀው ግን በአይጦች ነው። ከአይጥ ዘሮች አንዳንዶቹ በካድሚየም የዘር ፍሬያቸው ሲጠፋ ሌሎቹ ያው መጠን ተሰጥቷቸው ምንም ሳይሆኑ መቅረታቸው አስቀድሞ ይታወቅ ነበር፤ በ2005 የአሜሪካ ተመራማሪዎች የልዩነቱ ምክንያት ዚፕ 8 የተባለውን ፕሮቲን የሚሠራው ጂን መሆኑን አረጋገጡ። ይህ ፕሮቲን በሕዋስ ግንብ ላይ ተተክሎ ዚንክንና ማንጋኒዝን ወደ ውስጥ የሚያስገባ በር ነው፤ በተጎጂዎቹ አይጦች ዘንድ በዘር ፍሬ የደም ሥሮች ገበር ላይ በብዛት ይገኛል፣ በሚቋቋሙት ዘንድ ግን እዚያ ስፍራ እምብዛም አይታይም። በ2007 ከተጎጂው ወገን የተወሰደውን ይህን ጂን በሦስት ቅጂ ለሚቋቋመው ወገን ቢጨምሩለት፣ ካድሚየምን ሲችል የኖረው የዚያ አይጥ የዘር ፍሬም እንደ ሌሎቹ ጠፋ።