ጠዋት ሻጭ፣ ከቀትር ወዲያ ገዥ

በግሼ ደጋ አንዲት እናት ሁለት ቁና ገብስ በማዳበሪያ ከረጢት ቋጥራ በገበያ ቀን ከቤቷ ስትወጣ፣ ጎረቤቷ «ወዴት ነው?» ብትላት «ገብስ ልሸጥ» አትልም። «ጨውና በርበሬ ልገዛ» ነው መልሷ። በጀርባዋ የተሸከመችው ገብስ በመልሷ ውስጥ የለም። የገጠር ገበያን ለማያውቅ ሰው ላስተዋውቅ ብል የምጀምረው ከዚህ መልስ ነው። መርካቶ ላይ ነጋዴው ሲሸጥ ይውላል፣ ደመወዝተኛው ሲገዛ ይውላል፤ ሁለቱ የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ራቤልን በመሰለች ከተማ ግን ሻጩና ገዥው አንድ ሰው ነው። ጠዋት ሸጦ ከቀትር ወዲያ በዚያው ብር ገዝቶ፣ ማታ ኪሱ እንደ ጠዋቱ ባዶ ሆኖ ወደ መንደሩ ይመለሳል።

ራቤል በሰሜን ሸዋ ዞን የግሼ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ወረዳውን በደቡብ መንዝ ጌራ ምድር፣ በምሥራቅ አንጾኪያ ገምዛ፣ በደቡብ ምሥራቅ ኤፍራታና ግድም፣ በሰሜንና በምዕራብ ደግሞ ደቡብ ወሎ ያዋስኑታል። በዚህ አቀማመጥ ውስጥ የገበያው ግማሽ ታሪክ አለ። ላይ ደጋው ገብስ፣ ባቄላ፣ ስንዴና ምስር ያበቅላል፣ በግ ያረባል። በምሥራቅ ገደሉን ወርዶ ቆላው ማሽላና በርበሬ አለው። ደገኛው የሌለው ቆለኛው ዘንድ፣ ቆለኛው የሌለው ደገኛው ዘንድ ስለሆነ ተራራው ራሱ ሰዎቹን ያገናኛቸዋል። መንደሮቹ በየአምባው ተበታትነው ይኑሩ እንጂ በሳምንት አንድ ቀን አንድ ሜዳ ላይ ይገናኛሉ።

ሜዳው ለሩቅ ሰው ትርምስ ይመስለዋል፤ ቀርቦ ላየው ግን ሁሉም በተራው ነው። እህል ተራ አለ፣ በግ ተራ አለ፣ ቅቤና ዶሮ የሚሸጥበት አለ፣ ሸክላ የሚዘረጋበት አለ፣ ከከተማ የመጣ ልብስና የፕላስቲክ ጫማ የሚደረደርበት አለ። ኩበትም ተራ አለው። በደጋው ዛፍ ጥቂት ነው፣ ባሕር ዛፍም ለቤት ምሰሶና ለሽያጭ ይፈለጋል፤ ስለዚህ እንጀራ የሚጋገረው በአመዛኙ በኩበት ነው። አንዱ ለሌላው የሚሸጠው ያ ኩበት ማሳ ላይ ቢቀር ማዳበሪያ ይሆን ነበር። ከተማው በምድጃው የሚያነደው የገበሬውን የከርሞ ምርት ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

እህል ተራው የሴቶች ነው። ወንዱ በግና በሬ ይነዳል፤ ጥቂት ቁና እህል፣ ቅቤ፣ እንቁላልና ዶሮ ግን በሴቶች እጅ ነው የሚሸጡት፣ ገንዘቡም በአብዛኛው በነጠላቸው ጫፍ ይቋጠራል። መለኪያው ቁና ነው፤ ለአነስተኛው ጣሳ፣ ለቅመማ ቅመሙ ሲኒ። ቁና ከአንዱ ገበያ ወደ ሌላው መጠኑ ይለያያል፣ በአንድ ገበያ ውስጥ ግን ሁሉም ያውቀዋል። ኪሎ የለመደ ሰው ዋጋው ሊምታታበት ይችላል። ቁና የሚሰፈረው ተቆልሎ ነው፤ አፉ ላይ ሾጥጦ፣ ከዚያ በላይ ያለው ፍሬ በራሱ እስኪንሸራተት ድረስ። ሰፋሪዋ እጇን እንዴት እንደምታሳርፍ፣ ቁናውን ነቅነቅ ታደርገው እንደሆን ገዥዋ ዓይኗን ሳትነቅል ታያለች። ተሰፍሮ ካለቀ በኋላ ምርቃቱ ይመጣል፤ አንድ እፍኝ ከላይ። ምርቃት ያላገኘች ገዥ «መርቂኝ እንጂ እትዬ» ትላለች እንጂ አትሄድም። ይህች እፍኝ ከዋጋው ውስጥ አይደለችም፣ ከዋጋው ውጭም አይደለችም። የዛሬዋ ሻጭ የዛሬ ሳምንት ገዥ ሆና ከዚህችው ሴት ፊት እንደምትቆም ሁለቱም ያውቃሉ።

ገብሱም አንድ ዓይነት አይደለም። ሰነፍ ገብስ የሚባለው ገለባው በቀላሉ የሚለቅ ስለሆነ ለቆሎ ይፈለጋል፤ ሌላው ለጠላ፣ ሌላው ለበሶና ለእንጀራ። ገዥዋ አንድ ሁለት ፍሬ ጥርሷ ላይ አድርጋ ትሰብራለች። በድምፁ ድርቀቱን ታውቃለች።

አሁን ወደ በግ ተራ ልውሰዳችሁ። ለእኔ የገበያው ልብ ያለው እዚያ ነው።

እዚህ የሚሸጠው የመንዝ በግ ትንሽ ነው። ላቱ አጭር ሆኖ ስብ የያዘ፣ ጸጉሩ ሻካራና ረዘም ያለ፣ ወንዱ ቀንዳም። ለሩቅ አገር ሰው የማያምር ሊሆን ይችላል፤ ግን ውርጩን፣ ዝናቡንና የደጋውን አጭር ሣር እንደ እሱ የሚችል በግ ብዙ የለም። ገዥው መጀመሪያ ከወገቡ ላይ እጁን ያሳርፋል፤ አከርካሪውን በጣቱ ከቆጠረው በጉ ከስቷል። ቀጥሎ ላቱን ይመዝናል። ከዚያ ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን ያያል። የፊት ሁለቱ የወተት ጥርሶች ወድቀው ትላልቆቹ ከበቀሉ ዓመት አልፎታል ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ነው ክርክሩ፦

«ስንት ትለዋለህ፣ አያ?»

«አንተ ጥራው።»

ቀድሞ ዋጋ የጠራ ተሸነፈ ስለሚባል ሁለቱም ይጠብቃሉ። ደላላው መሃል ገብቶ የአንዱን እጅ ለሌላው ያስጨብጣል፣ ያቀራርባል፣ ያስማማል።

በግ ለደገኛው ሥጋ ከመሆኑ በፊት ባንክ ነው። የትምህርት ቤት ደብተር፣ የሕክምና ወጪ፣ የማዳበሪያ ዕዳ፣ የሠርግ ድግስ ሲመጣ የሚፈታው ከጉረኖው ነው። ዋጋው ከጾምና ከፍስክ ጋር ይወጣል ይወርዳል። በሁዳዴ ሃምሳ አምስት ቀን ቅቤና እንቁላል ፈላጊ ያጣሉ፣ የበጉም ገበያ ይቀዘቅዛል። ፋሲካ ሲቃረብ ከደብረ ብርሃንና ከአዲስ አበባ የሚመጡ ነጋዴዎች ደጋውን ያጣብቡታል። የቸኮለ ገበሬ በሁዳዴ ይሸጣል፤ መታገሥ የቻለ ለበዓሉ ያቆያል። መታገሥም ሀብት ይጠይቃል።

ገበያው በጉን ራሱን የለወጠበት መንገድም አለ። ቶሎ የሚያድገው፣ ቁመናው ያማረው ወንድ ጠቦት ገና በለጋነቱ ጥሩ ዋጋ ስለሚያወጣ ቀድሞ ይሸጣል። መንደር የሚቀረው ደካማው ነው፣ የሚያስረግዘውም እሱው። ትውልድ በትውልድ ላይ ሲደራረብ ይህ ዝርያውን ወደ ኋላ ይጎትታል። በ2009 እ.ኤ.አ. የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ከዓለም አቀፍ የምርምር ተቋማት ጋር ሆኖ በመንዝ በኅብረተሰቡ የሚመራ የበግ ማሻሻያ ሥራ ሲጀምር መፍትሔው ይህንኑ መገልበጥ ነበር፦ ገበሬዎቹ ጠቦቶቻቸውን አንድ ቦታ ሰብስበው የተሻሉትን ራሳቸው ይመርጣሉ፣ የተመረጠው አውራ ሳይሸጥ በጋራ ያገለግላል። ከውጭ አገር የመጣ ዝርያ አልነበረበትም። እኔ ይህን ሥራ ከማውቃቸው የግብርና ሥራዎች ሁሉ አስቀድመዋለሁ፣ የመንደሩን ዓይን ስላመነ።

ከበጉ ሳንርቅ ጸጉሩ አለ። ሴቶች ይፈትሉታል፣ ሸማኔ ይሠራዋል፤ ባና፣ ዝተትና በርኖስ ይወጣዋል። የመንዝ ሌሊት በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ሲሆን ጥጥ ጋቢ ብቻውን አይበቃም። በቻይና ብርድ ልብስና በጃኬት ዘመን ገበያው ቢሳሳም ባና እስካሁን የሚሠሩ አሉ፤ ዝናብም ሲመጣ ከጓሳ ሣር የተሠራ ገሳ የሚደርብ እረኛ ይታያል። ያ ሣር የሚገኝበት በመንዝ ጌራ ምድር ያለው የጓሳ ሜዳ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በአገሬው ሕግ ለዓመታት እየተዘጋ፣ ሲደርስ እየተከፈተ የሚታጨድ ነበር። የየካቲት 1967 የመሬት አዋጅ ያንን የባለርስቶች ሥርዓት አፈረሰው፤ ኅብረተሰቡ ግን በኋላ በሌላ መልክ መልሶ አቋቋመው።

ገንዘቡም የራሱን ጉዞ ተጉዟል። እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ በሸዋ ገበያዎች ከአፋር በረሃ የመጣ የጨው ዘንግ፣ አሞሌ፣ እንደ ሳንቲም ያገለግል ነበር። ከምንጩ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምር ነበር፤ ሲቸግር የሚላስ ገንዘብ ነበር። ለትልቁ ክፍያ 1780 የተጻፈበት የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ነበር። ምኒልክ በ1880ዎቹ ዓ.ም. የራሳቸውን ብር አወጡ፤ ዛሬ በምናውቀው መልኩ የወረቀት ብር የተጀመረው ግን ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. ነው። መስከረም 2013 ላይ የብር ኖቶች ሲለወጡ፣ ገንዘቡን ባንክ ሳይሆን ቤቱ ያስቀመጠ ገበሬ በሦስት ወር ውስጥ ይዞ መውጣት ነበረበት። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ቴሌብር መጣ። በእፍኝ የሚመረቀው ገብስ ግን በስልክ አይላክም።

አሁን ከዋናው ነገሬ ደረስኩ። ሻጭና ገዥ አንድ ሰው በሆነበት ገበያ፣ «ገብስ ስንት ገባ?» ብሎ መጠየቅ ብቻውን ምንም አይነግርም። ትክክለኛው ጥያቄ «አንድ በግ ስንት ቁና ገብስ ይገዛል?» ነው። በደህና ዓመት ሙክቱ ተሽጦ ለወር የሚበቃ እህል ይገዛል እንበል። በመንዝና በግሼ ብዙ ገበሬ የሚጠብቀው የበልግ ዝናብ ሲቀር ወይም መኸሩን ውርጭ ሲመታው፣ ሁሉም በአንድ ሳምንት በጉን ይነዳል። በግ ተራው ይሞላል፣ በጉ ይከሳል፣ ዋጋው ይወድቃል። በዚያው ሳምንት እህል ተራው ይሳሳል፣ ቁናው ይወደዳል። ገበሬው በሁለት በኩል ይመታል፤ ያለው ይረክሳል፣ የሚያስፈልገው ይንራል። ትናንት ወር ያበላው በግ ዛሬ ሳምንት ላይበቃ ይችላል።

ይህ ነገር ከግሼ ድንበር ማዶ፣ በወሎ፣ በ1965 ዓ.ም. ምን እንዳደረገ ይታወቃል። ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ስለ ድህነትና ረሃብ ባሳተሙት መጽሐፍ ያንን ረሃብ መርምረው፣ ሰው እያለቀ በነበረበት ጊዜ የደሴ የእህል ዋጋ ያን ያህል እንዳልናረ፣ ከወሎ እህል የወጣበት ጊዜም እንደነበር አሳዩ። እህል ገበያ ላይ ነበር፤ ሰዉ ለመግዛት የሚሸጠው ነገር አጣ። ማሳው ያላፈራለት ገበሬ የሚበላውን ብቻ አይደለም ያጣው፣ የሚሸጠውንም ነው። ያ መጽሐፍ በዓለም ዩኒቨርሲቲዎች ይማሩበታል፤ እህል ተራ ለምትውል እናት ግን አዲስ ነገር አይሆንባትም።

ገበያው ከዕቃ ሌላም ያስተላልፋል። ዱሮ አዋጅ የሚነገረው እዚያ ነበር፣ ነጋሪት እየተጎሰመ። ዛሬም የሞተ የሚረዳው፣ የተጋባ የሚነገረው፣ የጠፋ በሬ የሚጠየቀው በገበያ ቀን ነው። ቄሱ ጥላ ዘርግተው ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ ይለምናሉ። ሁለት የተኳረፉ ሰዎች ቀጠሮ የሚይዙት «የገበያ ለት» ብለው ነው፤ ሽማግሌዎቹም ያን ቀን ስለሚገኙ። እቁብ ይጣላል፣ የዕድር መዋጮ ይከፈላል። በእንጨት ጫፍ ላይ ጣሳ የደፋች ጠላ ቤት ደጅ ላይ ከተለያዩ ቀበሌዎች የመጡ ሰዎች አንድ አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ፣ ስለ ዝናቡ ይጠያየቃሉ፤ «እናንተ ጋ ዘነበ?» የሚለው ጥያቄ ለደገኛው የዋጋ ትንበያ ነው።

በሌሎቹ ቀናት ከተማዋ ትቀዘቅዛለች። ጉልት የሚዘረጉት ሴቶች ሽንኩርት፣ ድንችና ቲማቲም በመደብ ከፍለው ለመምህራንና ለመሥሪያ ቤት ሠራተኞች ይሸጣሉ፤ ባለ ሱቁ ዘይትና ስኳር በዱቤ እየሰጠ በደብተር ይጽፋል፣ የዱቤው መክፈያም በአብዛኛው የደመወዝ ቀን ነው። ለገበሬው ሲሆን ግን የበግ መሸጫ ቀን ነው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ገበያው ይፈታል። አህዮቹ ቀለል ብሏቸው ሽቅብ ይወጣሉ። ያች እናት ገብሷን ሸጣ ጨው፣ በርበሬ፣ አንድ ሳሙናና ለልጇ እስክሪብቶ ይዛለች፤ የተረፋት ሳንቲም ቢኖር ነጠላዋ ጫፍ ላይ ነው። ከፊቷ አንድ ሰው ያልተሸጠለትን በግ መልሶ እየነዳ ነው። የተሰጠው ዋጋ አነሰበት። ለሚቀጥለው ሳምንት የሚበላው እህል ቤቱ ካለ ልክ ነው፤ ከሌለ ደግሞ የዛሬ ሳምንት በዚያው ዋጋ ወይም ከዚያ ባነሰ ይሸጠዋል። በጉ ይህን አያውቅም፤ በመንገዱ ዳር ያገኘውን ሣር እየቀነጠሰ ይሄዳል።