«ሆስትስ» ለተባለው ፋይል የሚስማማ የአማርኛ ስያሜ

በምሥራቅ አዲስ አበባ፣ ከመገናኛ ወደ ዑራኤል በሚወስደው መንገድ ላይ፣ «ሃያ ሁለት» የሚባል ሰፈር መኖሩ የታወቀ ነው። በዚያ ቁጥር ስም ሆኗል። በኮምፒውተር መረብ ግን የሚፈለገው ተቃራኒው ነው፤ ሰው ስም ይጽፋል፣ መሣሪያው ስሙን ወደ ቁጥር ለውጦ ይጠቀማል። ይህን ተግባር ከሚያከናውኑት መንገዶች አንዱ በየኮምፒውተሩ ውስጥ የሚገኘው «ሆስትስ» የተባለ ፋይል ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። በእያንዳንዱ መስመር አስቀድሞ የቁጥሩ አድራሻ፣ ቀጥሎም በባዶ ቦታ ተለይቶ ስሙ ይጻፋል። ለምሳሌ 127.0.0.1 ኮምፒውተሩ ራሱን የሚጠራበት አድራሻ ነው። በመረቡ የታቀፉት መሣሪያዎች ጥቂት በነበሩበት ዘመን በካሊፎርኒያ የሚገኘው የስታንፎርድ የምርምር ተቋም አንድ የጋራ መዝገብ እያዘጋጀ ለሁሉም ያቀርብ ነበር። መሣሪያዎቹ ሲበዙ ይህ አላዋጣም፤ እ.ኤ.አ. በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ ስሞች በየክፍላቸው የሚተዳደሩበትን ሥርዓት ነደፈ። ይሁን እንጂ የቀድሞው ፋይል አልቀረም፤ ኮምፒውተሩ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ውጭ ከመጠየቁ በፊት ይህንኑ የራሱን መዝገብ ይመለከታል።

የትርጉም ችግር የሚነሣው «ሆስት» ከሚለው ቃል ነው። ቃሉን በቀጥታ «አስተናጋጅ» ብንለው ፋይሉ «የአስተናጋጆች መዝገብ» ይሆናል። በአንድ የቦሌ ሆቴል ለሚሠራ የኮምፒውተር ባለሙያ ይህ ስያሜ የሚያመለክተው ምግብና መጠጥ የሚያቀርቡትን ሠራተኞች ነው።

ጉዳዩ የቃል ውበት ብቻ አይደለም። በዚህ ፋይል ውስጥ ለአንድ ባንክ ስም የተሳሳተ ቁጥር ቢሰጥ፣ ተጠቃሚው ስሙን አስተካክሎ ጽፎ ሳለ ወደ ሌላ ሥፍራ ሊወሰድ ይችላል። ስለዚህ መመሪያ የሚያነብ ሰው የፋይሉን ተግባር ከስያሜው ሊረዳ ይገባዋል።

በእኛ አስተያየት የሚሻለው «የውስጥ ስመ አድራሻ ማዛመጃ» ነው። «ማዛመጃ» ስምና ቁጥር መገናኘታቸውን ይገልጣል፤ «የውስጥ» ደግሞ መዝገቡ የሚሠራው ለዚያው ኮምፒውተር ብቻ መሆኑን ያሳያል። «የግል» ቢባል ግን ባለቤትነትን እንጂ ቦታን አያመለክትም።

ተርጓሚ ሊጠነቀቅበት የሚገባ አንድ ነገር አለ። የሚተረጎመው በመመሪያው ውስጥ ያለው መጠሪያ እንጂ በኮምፒውተሩ ላይ የተመዘገበው የፋይሉ ስም አይደለም፤ መሣሪያው የሚፈልገው ያንኑ በላቲን ፊደል የተጻፈውን ስም ነውና።